አረቄና የካሜራዬ ቤት

ዘንገና ላይ ነው ያየሁት።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ፣ እንጅባራ ልትገቡ ትንሽ ሲቀራችሁ፣ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ ደን የከበበው ክብ ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ውሃ ሞልቶት ሐይቅ ሆነ። መንገደኛ ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጦጣ ሙዙን ይነጥቀዋል፣ ስቆ መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ የኅዳር ጠዋት እኔ እስከ አንገቴ ውሃው ውስጥ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ወገቤ ላይ ያሰረልኝን ገመድ ጫፍ ይዞ ዳር ላይ ቆሟል። ጥቂት እርምጃ ካለፉ ወለሉ ገደል ነውና ያለ ገመድ አልገባም።

ካሜራውን ከውሃ አውጥቼ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ከሌንሱ ፊት ያለው ጉልላት፣ እኛ ዶም የምንለው፣ ሸረሪት አድሮበት የተነሳ መሰለ። ቀጫጭን የብር ክሮች ከጠርዙ ተነስተው ወደ መሐል ይሮጣሉ። በአውራ ጣቴ ጠረግኩት፤ አልጠፋም። በጥፍሬ ነካሁት፤ ጥፍሬን አይዘውም። ዘንበል ሳደርገው ይሰወራል፣ ቀና ሳደርገው ያበራል።

«ምን ሆነ?» አለኝ ከዳር።

«ተሰነጠቀ መሰለኝ።»

«ታዲያ ውጣ በላ! ምን ትጠብቃለህ?»

ወጣሁ። ውሃ አልገባበትም፣ ካሜራውም ደህና ነው። ክሮቹ ግን እዚያው አሉ።

ዕቃው አዲስ አልነበረም። ውጭ አገር የምትኖር የአጎቴ ልጅ ያገለገለውን ገዝታ፣ ከልብሷ መሐል ጠቅልላ ያመጣችልኝ ነው። አካሉ ፖሊካርቦኔት፣ ዶሙ አክሪሊክ፤ ሁለቱም የፕላስቲክ ዓይነት ናቸው። ካሜራውን ውሃ እንዳይነካው የሚሸፍነውን ይህን ሳጥን ባለሙያዎቹ ሃውዚንግ ይሉታል፤ እኛ ስቱዲዮ ውስጥ «ቤቱ» ነው የምንለው። «ቤቱን ዝጋው»፣ «ቤቱን ማን ፀሐይ ላይ ተወው?» እንባባላለን። ኑሮዬ ሰርግ ማንሳት ነው፤ መጀመሪያ የተመኘሁትም አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ በሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቬሎዋ እንደ ደመና የተንሳፈፈ ሙሽራ። እውነቱን ልናገርና እስከ ዛሬ በቬሎዋ ውሃ ልግባ ያለችኝ ሙሽራ አላገኘሁም።

ስለዚህ ዓይኔ ጣና ላይ አረፈ። ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥልቅ ግን አይደለም፤ እጅግ በጠለቀበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። በጋም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የወለሉን ደለል ይበጠብጠዋል። ክንዴን ዘርግቼ ጣቶቼን ያላየሁበት ቀን ብዙ ነው። ቢልሃርዝያ አለ። ጉማሬም አለ፣ እሱ ደግሞ ፎቶ አይወድም። ጥርት ያለ ውሃ ፍለጋ ወደ አዊ የወጣሁት ለዚህ ነበር።

ከዘንገና ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ተጠርጣሪ ስቆጥር ነበር። ቅዝቃዜው ይሆን? የውሃው ግፊት? ውሃ አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት የሚጨምረው በየ10 ሜትሩ ነው፤ አንገቱ ድረስ የገባ ሰው ምን ግፊት አለበት። ሻጩ አታሎን ይሆን? በአውሮፕላን ሲመጣ ተጋጭቶ? መራዊ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ፣ ከጎናችን ያሉ ሽማግሌ መለኪያ አረቄ አዘዙ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣልኝ።

ከሁለት ቀን በፊት ዳንግላ አክስቴ ቤት አድረናል። ማታ ዕቃዬን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ስፈትሽ ዶሙ ላይ የጣት ቅባት አየሁ። በሸሚዜ ጫፍ ልጠርገው ስል አክስቴ ደረሰችብኝ።

«ተው፣ ተው! በደረቅ ጨርቅ ምን ይወጣልሃል? ቆይ እስቲ።»

ጓዳ ገብታ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ዳግም አረቄ ነው፣ ሁለቴ የወጣው። ጥጥ ነክራ ሰጠችኝ። ይህች ሴት ቁስል በአረቄ ታጥባለች፣ ጥርሱን ያመመውን በአረቄ ታስጉመጠምጣለች፣ እንግዳ የምትቀበለውም በአረቄ ነው። በአረቄ የማይነጻ ነገር በዓለም ላይ አለ ብሎ እሷን ማሳመን አይቻልም። እኔም አልሞከርኩም። ጠረግኩት። እንዴት ያለ ጥራት! ቅባቱ ድራሹ ጠፋ። ዶሙ የሌለ እስኪመስል ጠራ።

«አየህ?» አለችኝ።

አየሁ። ያላየሁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ነው፤ አክሪሊክ ደግሞ ከአልኮል ጋር አይስማማም። ጉዳቱ እንደ እሳት ቢሆን ኖሮ እጄን እሰበስብ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ፣ አጥፊው ተንኖ ከሄደ በኋላ። የአክሪሊክን ጠባይ ለመረዳት ያገዘኝ ሳይንሱ ሳይሆን የእናቴ ባዘቶ ነው። ፕላስቲክ ውስጡ እንደ ባዘቶ ነው፤ ረጃጅም ክሮች ዝም ብለው ተጠላልፈው የተቀመጡበት። አልተሸመኑም፣ አልተቋጠሩም፤ የሚያይዛቸው መጠላለፋቸው ብቻ ነው። ፋብሪካው በሙቀት ቅርጽ ሲያወጣለት፣ ከዚያም ጠርዙ በብሎን ሲጠብቅ፣ ከእነዚያ ክሮች አንዳንዶቹ እንደተወጠሩ ይቀራሉ። ውጥረቱ ብቻውን ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፣ ምንም አይሆንም። አልኮሉም ምንም ባልተወጠረ አክሪሊክ ላይ ቢንጠባጠብ ምልክት ሳይተው ሊደርቅ ይችላል። ክፉው የሁለቱ መገናኘት ነው። ፈሳሹ በክሮቹ መሐል ይሰርጋል፣ ያላላቸዋል፣ የተወጠረው ይንሸራተታል፣ ጸጉር የሚያክል ክፍተት ይከፈታል። መስመሮቹ ከጠርዙ የተነሱት ብሎኖቹ እዚያ ስላሉ ነው። ጥፍሬን ያልያዘውም ገና ሙሉ ስንጥቅ ስላልሆነ ነው፤ ክፍተቱን ከወዲህና ከወዲያ የሚያገናኙ፣ ዓይን የማያያቸው ክሮች አልተበጠሱም።

ይህን ነገር እኮ ሁላችንም ተማሪ ሳለን አይተነዋል። ላጲስና ማስመሪያ አንድ ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ክረምቱን ረስታችኋቸው አታውቁም? መስከረም ላይ ቦርሳው ሲከፈት ላጲሱ ማስመሪያው ላይ ተጣብቋል፤ ሲላቀቅ ማስመሪያው የተነከሰ ይመስላል። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ማስመሪያዬን በልተሃል ብዬ ከወንበር ጓደኛዬ ጋር ተደባድቤበታለሁ። ያ ልጅ ይህን ካነበበ ይቅርታ። አብዛኛው ላጲስ ከለስላሳ ፒቪሲ ነው የሚሠራው፤ ለማለስለስ የተጨመረበት ዘይት መሰል ነገር ቀስ እያለ ይሾልክና አጠገቡ ያለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ያሟሟዋል። ዛሬ ዶሜን በለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ የማላስቀምጠው፣ የቻርጀር ገመድም አጠገቡ የማላሳድረው በዚያ ማስመሪያ ምክንያት ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። ፕላስቲክ ሁሉ እንዲህ ቀበጥ አይደለም። የውሃ ጄሪካናችን ከፖሊኤትሊን ነው፤ አልኮል ብትሞሉበት አይሰነጠቅም። የሃይላንድ ክዳንም እንዲሁ ቻይ ነው። ሁለቱንም አንሱና ወደ ብርሃን አሳዩአቸው፤ አያሳልፉም፣ ቢያሳልፉም ደብዘዝ አድርገው ነው። ውስጣቸው ያሉት ክሮች ብዙ ቦታ ላይ ተሰልፈው፣ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ያ ድርድር ብርሃንን ይበትናል፣ እንግዳ ፈሳሽንም አያስገባም። አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት ድርድር የላቸውም፤ ከዳር እስከ ዳር ባዘቶ ናቸው። ብርሃኑ ሳይሰናከል የሚያልፈው ለዚህ ነው። አረቄው ሳይሰናከል የሚያልፈውም ለዚሁ ነው። ዶሜን ዶም ያደረገው ጠባይና የገደለው ጠባይ አንድ ናቸው። (የሃይላንዱ ጠርሙስ ራሱ እያሳለፈ ለምን ይችላል የሚል ብልህ አንባቢ አይጠፋም፤ እሱ በፋብሪካ ሲነፋ ክሮቹ ስለሚለጠጡና ስለሚሰለፉ ነው። ቀጠን ብለው የተሰለፉ ብርሃን አይከለክሉም።)

ፖሊካርቦኔቱስ? እሱማ ጀግናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጀርመን አገርና አሜሪካ ያሉ ሁለት ኬሚስቶች አንዱ የሌላውን ሳያውቅ በአንድ ሰሞን ያገኙት ነገር ነው። ጥይት የሚመክቱ መስኮቶች ውስጥ ይገባል፣ የፖሊስ ጋሻ ይሠራበታል። መዶሻ ብታሳርፉበት ይመልሰዋል። አንድ አውራ ጣት ግን አልመለሰም።

ባሕር ዳር የምትኖሩ መስከረምንና ጥቅምትን ታውቋቸዋላችሁ። ዝናቡ ሲያባራ ወባው ይነሳል። አንድ ማታ ጎርጎራ ሊወርዱ ከተዘጋጁ እንግዶች ጋር ሐይቅ ዳር ቆሜ፣ ከእነሱ የተቀበልኩትን የወባ ትንኝ መከላከያ ክንዴንና አንገቴን ተቀባሁ፤ ከዚያ ቤቱን አንስቼ ዘጋሁት። ጠዋት ከኋላ ባለው ማያ ላይ፣ የካሜራው ስክሪን በሚታይበት ጥርት ያለ ክፍል ላይ፣ አውራ ጣቴ ከነመስመሮቹ ተቀምጧል። መታወቂያ ላወጣ በቀለም ያሳረፍኩት ነበር የሚመስለው። በሳሙና አጠብኩት። የሚታጠብ አይደለም፤ ተቀርጿል።

ዲት የሚባለው መድኃኒት ነው ይህን የሚያደርገው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1946 ለወታደሮቹ ያወጣው፣ በ1957 ለሕዝብ የተፈቀደ ነው። ሥራውን ያውቃል፤ ትንኝ አታርፍም። ጥጥና ሱፍ አይነካም። የእጅ ሰዓት መስታወት፣ የመነጽር ፍሬም፣ የካሜራ ቤት ግን ያለሰልሳል፣ ያደበዝዛል። ወባ ቀልድ አይደለምና አትቀቡ አልልም። ፒካሪዲን የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ ትንኝ ይከላከላል፣ ፕላስቲክ አይበላም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲኖር እሱን ነው የማስመጣው። በሌለበት ቀን በእጄ ጀርባ እቀባለሁ፣ መዳፌን በሳሙና እታጠባለሁ፣ እጄ እስኪደርቅም ዕቃ አልነካም። የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ስለ እጅ ካነሳሁ አይቀር፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አንድ ጊዜ የብራና መጽሐፍ ፎቶ ላነሳ ሄጄ ነበር። ዕቃ ቤት ጠባቂው አባት መጽሐፉን ከማኅደሩ ከማውጣታቸው በፊት «እስቲ እጅህን» አሉኝ። የፈቃድ ወረቀት የጠየቁኝ መስሎኝ ኪሴ ገባሁ። «ወረቀት አላልኩህም፣ እጅህን!» መዳፌን ገልብጠው አዩት፣ አሸተቱት ማለት ይቻላል፣ ከዚያ «አትንካው፣ እኔ እገልጥልሃለሁ» አሉኝ። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ዕቃዬን ሊይዝ የሚመጣውን ረዳቴን የምለው ያንኑ ነው፤ «እስቲ እጅህን።» በኮሮናው ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ሰው ሁሉ በየደቂቃው ሳኒታይዘር እየተቀባ ዕቃ ሲያቀብለኝ የነበረውን ሳስብ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። እሱም 70 በመቶ አልኮል ነው።

ከቤንዚን ጋር ያለኝ ጸብ ደግሞ ረጅም ነው። ጣና ላይ በሞተር ጀልባ ስትወጡ፣ ከእግራችሁ ሥር የቤንዚን ጄሪካን አለ። ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ፀሐይ ሲመታው የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። የእምቦጭ ሥር ከታች ወደ ላይ ምን እንደሚመስል ላነሳ የሄድኩ ቀን (ጥቁር ላባ ነው የሚመስለው፤ አረሙ ሐይቁን ባይበላው ኖሮ ቆንጆ ነበር እል ነበር) ቤቱን እዚያ ወለል ላይ አስቀምጬ ጭምብሌን ሳጠልቅ ባለ ጀልባው ነው የጮኸብኝ።

«አንተ ሰው! ቤንዚን ላይ ምን አስቀመጥክ?»

ጎማውን ያበላሻል ብሎ ነው የጮኸው፤ ስለ ፖሊካርቦኔት አልነበረም። ለእኔ ግን በጊዜ ደረሰልኝ። ቤንዚን ውስጥ ያሉት ነገሮች አክሪሊክንም ፖሊካርቦኔትንም ከአረቄ በባሰ ፍጥነት ያላላሉ፤ ትነቱ ራሱ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲከማች ደግ አይደለም። አሁን የራሴ ባልዲ አለኝ፤ ንጹሕ ውሃ ይዤበት እወጣለሁ፣ ቤቱ ከባልዲው ወጥቶ ሐይቅ ይገባል፣ ከሐይቁ ወጥቶ ባልዲው ይገባል። ወለሉን አያውቀውም። ሰዎች ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ስቲከር የለቀቀውን ሙጫ በቤንዚን ወይም በቲነር ሲያስለቅቁ አይቻለሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና አንድ ሰዓት ትዕግሥት ያን ሙጫ ያወልቁታል።

እዚያው ወደብ ላይ ባለ ታንኳዎቹ ከሐይቅ ሲመለሱ የሚያደርጉትን አያለሁ። ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራ፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ሰውየው ዓሣውን ሳያወርድ እንኳ ስለ ታንኳው ያስባል፤ አውጥቶ፣ ከግድግዳ ወይም ከዛፍ አስደግፎ ያቆመዋል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ታንኳውን ለወራት እንጂ ለዓመታት አያኖረውም። እኔ ግን አንድ ሰርግ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ እርጥቡን ቤት ዘግቼ መኪና ውስጥ ጥዬ አውቃለሁ።

በረኪና፣ አሴቶን፣ ሰማያዊው የመስታወት ማጽጃ፤ ስለ እነዚህ ብዙ አልልም። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃና በረኪና ፖሊካርቦኔትን ይበሉታል፤ አሴቶን ከነካው ደግሞ ሐዘን መቀመጥ ነው። ቅቤን ግን ማንሳት አለብኝ፣ ጎጃም ነንና። ራሱን ያመመው ሰው ቅቤ ይቀባል፤ እኔም እቀባለሁ፣ እናቴ ካለች ምርጫም የለኝ። የድሮ ፍሪጆች ውስጠኛ ፕላስቲክ በቅቤና በዘይት ምክንያት ሲሰነጠቅ ፋብሪካዎችን ብዙ ያስቸገረ ነገር ነው። ያም ያው የባዘቶው ታሪክ ነው። ከራስ ላይ ቀልጦ በጆሮ በኩል የሚወርድ ቅቤ ቤቱ ላይ ሲንጠባጠብ ማየት አልፈልግም፤ ቅቤ የተቀባሁ ቀን አልሠራም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የእጀታው አንድ ብሎን ላልቶ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሰውየው ጎበዝ ነው፣ የሠራውም ከልቡ ነው። ብሎኑን አጠበቀና እንዳይላላ አንድ ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ አደረገበት፤ ለሞተር ሳይክል እንደሚደረገው። ብረት ከብረት ጋር ቢሆን የተመሰገነ ሥራ ነበር። በሳምንቱ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ «ትክ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንም አልነካውም። ከብሎኑ ቀዳዳ ሦስት ስንጥቅ እንደ ኮከብ ወጥቷል። ጥይት የሚመክተው ፖሊካርቦኔት! የጠበቀ ብሎን ውጥረቱን ሰጠ፣ ማጣበቂያው ማለስለሱን ሰጠ። ደግነቱ እጀታ ላይ ነው፤ ውሃ በሚገባበት በኩል ቢሆን ካሜራዬን ሐይቁ ይወስደው ነበር። ብሎንን አጥብቆ የመዝጋት ጀግንነት ለፕላስቲክ አይሆንም፤ እስኪይዝ ድረስ፣ ከዚያ ይበቃዋል። ሱፐር ግሉም እንደዚያው ነው፣ በዚያ ላይ ትነቱ ጥቁሩን ዕቃ እንደ አመዳም እግር ያነጣዋል።

ኦሪንጉን፣ ቤቱ ሲዘጋ መጋጠሚያውን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ ሰው ሁሉ ይፈራዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚገባኝ እሱ ነው፤ ጋራዥ ያደገ ልጅ ኦሪንግ ያውቃል። ውሃውን የሚከለክለው ጎማው ነው፣ ግሪሱ አይደለም፤ ግሪሱ እንዲንሸራተትና በቦታው እንዲቀመጥ ብቻ ነው። ሰው ግን ግሪስ ሲያበዛ ውሃ የበለጠ የፈራለት ይመስለዋል። ያበዛው ግሪስ አሸዋና ጸጉር ይሰበስባል፣ ውሃ የምታስገባው ደግሞ አንዲት ጸጉር ናት። ቫዝሊን ይሆናል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ጎማው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ አይሆንም፤ አንዳንዱ ጎማ ከነዳጅ የወጣ ቅባት ሲነካው ያብጣል። ከሲልከን የተሠራ ኦሪንግ ደግሞ ሲልከን ግሪስ ራሱ ያሳብጠዋል። ከዕቃው ጋር የመጣውን ትንሽ ቱቦ አትጣሉ፣ የምን ግሪስ እንደሆነ በእጅ ጻፉበት። አንድ ነገር ደግሞ፣ በነጠላ አትጥረጉት። በጋቢም። ያማረ የጥጥ ክር ነው ጎማው ላይ የሚቀረው። በታጠበ ባዶ ጣት ዙሪያውን ዳስሱት፤ ጣት ዓይን የማያየውን ያገኛል።

እጥበቴ አሁን ቀላል ሆኗል። ሳፋ፣ ለብ ያለም ያልሆነም ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የሳህን ማጠቢያ ሳሙና። ዘግቼ እነክረዋለሁ፣ ቁልፎቹን ውሃ ውስጥ እጫናቸዋለሁ፣ ደለሉ ይወጣል። ደለል ደርቆበት ሳለ መጥረግ በአሸዋ ወረቀት መፈተግ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፣ ጥላ ላይ አደርቀዋለሁ፣ ሲደርቅም ተከፍቶ ነው የሚቀመጥ፣ ጎማው ወጥቶ። ተቆልፎ የከረመ ዕቃ ውጥረቱን ይዞ ነው የሚከርም፤ ለሚቀጥለው ጠብታ ተዘጋጅቶ።

አክስቴን ለረጅም ጊዜ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ለፋሲካ ስሄድ ራሷ ጠየቀችኝ፣ «ያ መስታወትህ እንዴት ነው? ጠራልህ?» አለች። አውጥቼ አሳየኋት። ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠችው፣ ክሮቹን አየች፣ ዝም አለች።

«አረቄዬ ነው እንዲህ ያደረገው?»

«አረቄሽስ ምን አደረገ እትዬ፣ እኔ ነኝ እንጂ። ፕላስቲክ ነው እኮ።»

«ፕላስቲክ!» አለች፣ እንደተታለለ ሰው። «መስታወት መስሎኝ ነው የሰጠሁህ! ፕላስቲክ መሆኑን ብትነግረኝ ኖሮ እሰጥሃለሁ? አረቄ ከጠርሙስ በቀር ምን ላይ ይሆናል? ጄሪካን ላይ ካደረ ላስቲክ ላስቲክ ይላል፣ ማን ይጠጣዋል። ጠላ በእንስራ፣ ጠጅ በጋን፣ አረቄ በጠርሙስ። የመሰለህን ከመሰለህ ጋር ታገናኛለህ እንዴ?»

ምን እመልሳለሁ። መስታወት ቢሆን ኖሮ የሰጠችኝ ትክክለኛው መድኃኒት ነበር። እኔም፣ ኦሪንግ አውቃለሁ የምለው ሰውዬ፣ በልቤ መስታወት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት፤ እንደ መስታወት ጠረግኩት፣ እንደ ብረት አጠበቅኩት፣ እንደ ጄሪካን ወለል ላይ ጣልኩት። እሷ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ጄሪካኗ ውስጥ አረቄው ነው የሚበላሸው፣ እኔ ዘንድ ደግሞ ዕቃው፤ ጉዳዩ ያው ነው።

«ይኸው፣» አለችና ጓዳ ገባች። ጠርሙሱን ይዛ ስትመለስ ዶሙን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። «አትፍራ፣ ይኼስ ለአንተ ነው» አለች።

አዲስ ዶም እስካሁን አልመጣልኝም። በግንቦት ከአክስቴ ልጅ ጋር ዘንገና ተመለስን፤ ያው ገመድ፣ ያው ብርድ። ግማሹ ውሃ ውስጥ ግማሹ አየር ላይ የሆነ ፎቶ ላነሳ ነበር፣ ዶሙን ከወገቡ ላይ ውሃው እንዲቆርጠው አድርጌ። ከላይ ደኑና ሰማዩ፣ ከታች ወደ ውሃው የወደቀ ግንድ። ማታ ስቱዲዮ ገብቼ አጉልቼ ሳየው፣ በላይኛው ግማሽ ላይ ሰማዩ በብር ክር ተሸመነ። ፀሐዩ እያንዳንዱን ስንጥቅ አብርቶታል። ከውሃው መስመር በታች ግን አንድም የለም። ውሃው ክፍተቶቹ ውስጥ ገብቶ ሞልቷቸዋል፤ ብርሃንን የሚያጥፈው እንደ አየር ሳይሆን ለአክሪሊኩ ቀረብ ባለ መጠን ስለሆነ መስመሮቹ ተውጠዋል። ግንዱ ከነቅርፊቱ ጥርት ብሎ ተኝቷል።

ረዳቴ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አየው። «የላዩን ልቁረጠው ወይስ ክሮቹን ላጥፋቸው?» አለኝ።

«ተወው፣ እንዳለ አትመው» አልኩት።